የፍሪጅ ላይ በያይነቱን እንዴት ነው የምትሰሪው ላላችሁኝ

ያቺን ከሊጥ የሠራኋትን፣ ፍሪጅ ላይ የምትለጠፍ ትንሽዬ የበያይነቱ ማግኔት ካሳየኋችሁ ጀምሮ ጥያቄው በዝቷል፣ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ዛሬ ልጆቹም ተኝተዋል ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሊጡ የዱቄትና የጨው ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም የኔ ቆንጆ። 2 ብርጭቆ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ጨው በውሃ የሚቦካው ልጆች እንዲጫወቱበት ደስ ይላል፣ ግን ጨው እርጥበት ይስባል። መጀመሪያ በጨው ሊጥ የሠራኋቸውን ትንንሽ ድፎ ዳቦዎች ሐምሌ ላይ ከመደርደሪያ ሳወርዳቸው አልበዋል፣ በጣት ሲነኩ ይሰረጉዳሉ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን የምሠራው በኮላ ነው፣ 1 ብርጭቆ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ 1 ብርጭቆ የበቆሎ ስታርች፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤቢ ኦይል፣ 1 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሎሚው እንዳይሻግት ነው። በማያጣብቅ ድስት በጣም ቀስ ባለ እሳት እንደ ገንፎ ታማስይዋለሽ፣ ድስቱን ለቆ አንድ ላይ ሲሰበሰብ አውርጂው፣ እጅሽን ቫዝሊን ተቀብተሽ ሞቅ እንዳለ እሺውና በላስቲክ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ድስቱ ከዛ በኋላ ወደ ምግብ አይመለስም።

ጥያቄ፦ እኔም በኮላ ሞክሬ ተሰነጣጠቀብኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ፀሐይ ላይ አስጥተኸው ይሆናል ወንድሜ። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲኮማተር ይሰነጥቀዋል። ጥላ ውስጥ 2 ወይ 3 ቀን እያገላበጥክ አድርቀው፣ ሲደርቅ ስለሚያንስም ትንሽ ተለቅ አድርገህ ሥራ።

ጥያቄ፦ የእንጀራው ዓይን እንዴት ነው እንደዛ የሚመጣው? የኔ በመርፌ የተወጋ ጨርቅ ነው የሚመስለው

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! መጀመሪያ እውነተኛ እንጀራ አጠገብሽ አድርጊና በደንብ እይው፣ ዓይኑ እኩል አይደለም፣ አንዱ ጋ ይጠጋጋል አንዱ ጋ ሳሳ ይላል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ስስ ነው። እኔ ሊጡን አሳስቼ ዳምጬ መጀመሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መታ መታ አደርገዋለሁ፣ ከዛ በስቴኪኒ ጫፍ አልፎ አልፎ ትልልቅ ዓይን እጨምራለሁ፣ ጀርባውን ግን ልሙጥ አድርጌ ነው የምተወው ምክንያቱም ጥቅልል ስታደርጊው ጀርባው ይታያል። ቀለሙን ጥቁርና ነጭ ደባልቃችሁ የምትሠሩ ሲሚንቶ ነው የሚሆንባችሁ፣ ነጭ ላይ ትንሽ ቡናማና የቢጫ ጠብታ ነው የጤፍ መልክ የሚሰጠው።

ጥያቄ፦ ወጡስ?

መልስ፦ ቀይ ወጥ ነጭ ኮላ ውስጥ ቀይና ቡናማ አክሪሊክ ቀለም ጨምሬ፣ የደረቀ ሊጥ ፍርፋሪ አግብቼበት ነው። እርጥቡን አይታችሁ ሮዝ ሆነ ብላችሁ ቀለም አትጨምሩ፣ ኮላው ሲደርቅ ነጭነቱ ስለሚጠፋ በራሱ ይጠቁራል። ጎመን አረንጓዴ ሊጥ ትንሽ ጠንከር ሲል በመቀስ መከታተፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አለኝ፣ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ ምግብ ስለሚመስል በቀጥታ ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ከኋላው የሚለጠፈው ማግኔት ደግሞ ሊጡን ያስንቃል፣ ሁለት ማግኔት ከተዋጠ አንጀት ውስጥ እየተሳሳበ አንጀት ሊበሳ ይችላል፣ ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። እስኪያድግ ከፍ ያለ ቦታ ስቀይው።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ሁሉም ላይ ነው የሚቀባው?

መልስ፦ ወጡ ላይ የሚያብለጨልጨውን፣ ዘይቱ የወጣ እንዲመስል። እንጀራው ላይ ግን የማያብለጨልጨውን ግዙ፣ የሚያበራ እንጀራ የለም።