ጸደይን ከጠበቅሽ ወፎቹን አታገኚያቸውም

ሰላም እህቴ። «ለማስተርስ ጥናቴ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸው የዱር ዝይዎች በጸደይ ፍልሰት ወቅት ምን እንደሚመገቡ ጣና ላይ ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ያልሽውን ትናንት ማታ አየሁት። ከሥሩ «በርቺ» ብቻ ተጽፎልሽ ሳይ አላስቻለኝም። እኔ በዚሁ ነገር አንድ ዓመት ሙሉ ከስሬያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዘሽ አንብቢው።

1. ርዕሱን ዛሬውኑ ቀይሪው። ያነበብሻቸው ጽሑፎች የሚያወሩት ስለ ሌላ አገር ዝይ ነው። ቀይ ደረት ያላት ዝይ ሳይቤሪያ ትፈለፍላለች፣ ክረምቷን ጥቁር ባሕር አካባቢ የስንዴ ቡቃያ እየጋጠች ታሳልፋለች። ትንሿ ነጭ ግንባር ዝይ ደግሞ ከግሪክ ተነሥታ፣ ሃንጋሪ ላይ አርፋ፣ ሰሜን ኖርዌይ ባሕር ዳር ያለውን የጨዋማ ረግረግ ሣር እየበላች ወደ መፈልፈያዋ ትወጣለች። ሁለቱም ጣናን አያውቁትም። የእኛዋ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፣ ግን እሷ የደጋ ወፍ ናት፣ ፍልሰቷም ከአገር አያስወጣትም። ሐይቁ ዳር የምታዪያቸው ይብራዎችም ሥጋት የለባቸውም፣ አውሮፓም አይሄዱም።

ፍልሰት ከፈለግሽ ክሬን ያዢ፣ ያን እግሩም አንገቱም ረጅም የሆነውን ትልቅ ወፍ። ግራጫው ክሬን ከሰሜን መጥቶ በጋውን ጣና ዙሪያ ይከርማል። ሥጋት ላይ ያለ ወፍ ከፈለግሽ ደግሞ ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁሩ ክሬን አለልሽ፣ እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው። ሁለቱንም በአንድ ርዕስ አስሬ እገባለሁ ካልሽ አማካሪሽ ያስለቅስሻል። የእኔ አስለቅሶኛል።

2. አሁን ወደ ዋናው። «ጸደይ» የሚለውን ቃል ከሥራ ዕቅድሽ ላይ አጥፊው። የእኔን ዓመት የበላው ይሄ ቃል ነው። የእንግሊዝኛውን «ስፕሪንግ» ስተረጉም ጸደይ አልኩት። ጸደይ መቼ ነው? ሬዲዮው በመስከረም፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ «ጸደይ ገባ» ይላል። እኔ ደግሞ የቄስ ተማሪ ነበርኩና በቤተ ክርስቲያኑ ቁጥር ሄድኩ፣ ጸደይ መጋቢት 26 ይገባል። ዕቅዴ ላይ «የመስክ ሥራ ከመጋቢት 26 ጀምሮ» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። አማካሪዬም ፈረመ።

መጋቢት 28 ፎገራ ደረስኩ። ሜዳው ባዶ ነው። ከብትና አቧራ ብቻ። አንድ አባት ጎተራቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አዩኝና «ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ። «እንግዶቹማ ከሄዱ ሦስት ሳምንት አለፋቸው። አንተ ሸኚ ነህ ወይስ ተቀባይ?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ጓደኞቼ «ሸኚው» ነው የሚሉኝ።

ነገሩ ሲገባኝ በራሴ ሳቅሁ። ወፎቹ ጸደይን የሚፈልጉት እዚያ፣ መፈልፈያቸው ላይ ነው። እዚያ በጊዜው ለመድረስ ከዚህ በእኛ በጋ መነሣት አለባቸው። በሁለተኛው ዓመት ራሴ እንዳየሁት የካቲት ማብቂያ ላይ መንቀል ጀመሩ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ የቀረ አልነበረም። አንቺ ጥር መጀመሪያ ላይ ሜዳው ላይ ተገኚ። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ናቸው ወርቆቹ፣ ለመንገዱ ስብ የሚያጠራቅሙት ያኔ ነው።

3. ደብዳቤ። የትብብር ደብዳቤሽን በኅዳር ጀምሪ። በእውነቱ የካቲት ላይ ለሙከራ ልወጣ አስቤ ነበር፣ ያ ጉዞ ቢሳካ ስህተቴን ያኔ እነቃበት ነበር። ያስቀረኝ አንድ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ያልተንከራተተበት የለም። ማመልከቻዬ ላይ «የክሬን እንቅስቃሴና አመጋገብ» ብዬ ጽፌያለሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ቀና ሳትል «የኮንስትራክሽን ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ነው» አለችኝ። ወፍ ነው ስላት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ወፍ ለማየት ነው ደብዳቤ የምትጠይቀው?»

ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለስ። ማህተም የያዘው ልጅ ፈቃድ ወጥቷል። ሰኞ ና። አምስት ሳምንት ተመላልሼ ደብዳቤው ሲወጣ «ጉዳዩ፦ የክሬን ማሽን እንቅስቃሴን ይመለከታል» ይላል። እውነቴን ነው! ማሽኑን ለማስወጣት ሌላ ሁለት ሳምንት። ጣና በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ሐይቁ ከቢሮው መስኮት ይታያል፣ እኔ ደግሞ ወፍ ምን እንደሆነ አስረዳለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ወፍ» ብለሽ ጻፊ። «ክሬን» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይቆም።

4. ቦታ። ሸሸርና ወላላ ረግረጎች ጥሩ ናቸው፣ ግን የሩዝ እርሻው እየገፋቸው ስለሆነ ከመሄድሽ በፊት ውሃ መኖሩን ጠይቂ። ከወረታ ወደ ውስጥ ነው። በዚያ በኩል ካልሆነልሽ ከግልገል ዓባይ መግቢያ አጠገብ ጭምባ አለ። የእኔ ጥፋት ማደሪያቸው ላይ መቀመጤ ነበር። ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ድምፁ ልብ ይሰርቃል፣ ፎቶም ይወጣዋል፣ ግን እዚያ አይበሉም። እንዲያውም ብዙ ቀን ፎቶ ሳነሣ ባከንኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲነሡ አቅጣጫቸውን ያዢና ወደ ማሳው ተከተያቸው።

በሁለተኛው ዓመት ምን እንዳየሁ ልንገርሽ። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል አይደል? ክሬኖቹ ከአጨዳ በኋላ በቀረው ቃርሚያ ላይ ይሠማራሉ። የረገፈ ሽምብራ፣ ጓያ፣ የጤፍ አውድማ ዙሪያ የተበተነ ፍሬ። ምንቃራቸውን መሬት ውስጥ ሰክተው ትልና ነፍሳትም ያወጣሉ። ዝይ እንዲህ አይደለችም። ዝይ ሣር ትቀጫለች፣ ሣር ደግሞ ቶሎ ያልፍባታል፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ስትበላ ትውላለች፣ ኩሷንም በየጥቂት ደቂቃው ትጥላለች። ስለ ዝይ ያነበብሽው ዘዴ፣ ኩስ ቆጥሮ የሣሩን ዓይነት መለየት፣ ለክሬን እንዳለ አይሠራም። እኔ ሞክሬ አፈርኩ።

የሠራልኝ ይሄ ነው፦ አንድ ወፍ መርጠሽ አምስት ደቂቃ አትልቀቂው፣ ስንት ጊዜ እንደሚጎርስ ቁጠሪ። መቁጠሪያ መግዣ ስላልነበረኝ ቀኝ ኪሴ ሽምብራ ሞልቼ በየአሥሩ ጉርሻ አንዷን ወደ ግራ አዛውር ነበር። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ የሚጠብቀው ልጅ «አንተም ትለቅማለህ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። ያን የሽምብራ ቆጠራ አማካሪዬ «ኦሪጅናል» ብሎ አድንቆታል፣ ይመዝገብልኝ።

አለባበስ ረስቼ ነበር። በቀይ ጃኬት ስሄድ ከሩቅ ይነሡብኛል፣ በሬ የሚነዳውን ገበሬ ግን ዝም ብለው ያሳልፉታል። ጋቢ ለበስኩ፣ ቀስ ብዬ ከከብቶቹ ኋላ ሄድኩ። እስከ ግማሹ ርቀት አስጠጉኝ።

ተራ ቁጥሩ የት እንደደረሰ ጠፋኝ። ገበሬውን ግን «ወፉ አይጎዳህም» ብለሽ እንዳታስተምሪው። በኅዳር የተዘራውን ሽምብራ ሲቆፍሩበት አይቷል፣ አንቺ አላየሽም። መጀመሪያ እሱን ስሚው። እኔ የሚነሡበትን ሰዓት፣ የሚመለሱበትን ማሳ፣ የሚሄዱበትን ሳምንት የሰማሁት ከእነዚያ አባት ነው፣ ያውም ያለ ደብዳቤ።

ባይኖኩላር ከሌለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የእኔ አንዱ ዓይኑ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይሠራል። ታኅሣሥ ላይ ነይና ውሰጂው፣ ክሬኖቹ ሲሄዱ ትመልሽልኛለሽ።