ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጆቹ ሲተኙ ላፕቶፑ ይከፈታል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። የ6 ዓመት ሴት ልጅና ገና 2 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አሉኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ኤክስቴንሽን አስተምራለሁ። ተመራቂዎችን አማክራለሁ፣ ለመውጫ ፈተና ቲቶሪያል እሰጣለሁ። ሌላ ትምህርት የሚያስተምሩ ጓደኞቼ የዛሬ ሦስት ዓመት ያዘጋጁትን ኖት ይዘው ይገባሉ፤ የእኔ ኮርስ ግን በየዓመቱ ይለወጣል፣ መለወጡንም እወደዋለሁ። ጊዜ የማገኘው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቡናዬን ጠጥቼ፣ አልጋ ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ የተማሪ ኮድ ሳርም ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። ይህ በሳምንት አራት ሌሊት ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓይኔ ያቃጥለኛል፣ አንገቴና ትከሻዬ ይያዛል፣ ቀኝ እጄ ሌሊት እየደነዘዘ ያነቃኛል። ለአንገቴ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ በቀን ሁለቴ እወስዳለሁ፤ አሁን ደግሞ ጨጓራ ጀመረኝ። ባለፈው ሳምንት እዚያው ፋርማሲ ግፊቴን ስለካ 148/94 አሉኝ። ከሁሉ የከፋው ትዕግሥቴ ማለቁ ነው። ልጄ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩን ዝጊው» ስትለኝ ጮኽኩባት። ባለቤቴ «ሥራውን ተዪው» ይለኛል። ለዓይኔ ጠብታ ነው ወይስ የብሉ ላይት መነጽር የሚሻለኝ? ቫይታሚን ልጀምር? ሥራዬንስ ልተው?
ትዕግሥት ያለቀባት መምህርት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መምህርት፣ የጠየቁኝ ስለ ዓይንዎ ነው፤ እኔን ቆም ያደረገኝ ግን ዳይክሎፌናኩ ነው። የዓይኑ ነገር ትንሽ ይቆየን።

ዳይክሎፌናክ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ፣ ለጥቂት ቀን ሲወሰድ ጥሩ ማስታገሻ ነው። ለወራት፣ ያውም በቀን ሁለቴ ሲሆን ግን ኩላሊት ጨውና ውኃ ይዞ እንዲያስቀር ያደርጋል፤ ያኔ ግፊት ይነሣል። የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀውን ንጥረ ነገርም ስለሚቀንስ ጨጓራን ያቆስላል። ስለዚህ «ጨጓራ ጀመረኝ» ያሉት ራሱን የቻለ አዲስ በሽታ አይመስለኝም፤ ግፊትዎም ቢያንስ በከፊል ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ነገሩ የተለመደ ነው። ባንኮኒው ላይ ግፊት ለክተው «ከፍ ብሏል» ይሉና፣ በዚያው ባንኮኒ ግፊት የሚያስነሣውን ክኒን ይሸጣሉ፤ «ሌላ ምን ትወስጃለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዛሬውኑ ያቁሙት። ሕመሙ ሲጠናብዎት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ባለ 500 ሚሊግራሙን በአንድ ጊዜ ከ2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ8 ፍሬ አያሳልፉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስዎት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

148/94 አንድ ጊዜ ስለታየ ብቻ «ግፊት አለብሽ» አይባልም። ከክፍል ወጥተው፣ ታክሲ ተጋፍተው፣ ቡና ጠጥተው የተለኩት ቁጥር ብዙም አያስተማምንም። ከዳይክሎፌናኩ ሁለት ሳምንት ያህል ከራቁ በኋላ በደንብ ይለኩ። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ፤ ጀርባዎን ወንበር አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ይረፍ፤ መሣሪያው ሲለካም አይነጋገሩ። ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ የሚያውስዎት ዘመድ ካለ፣ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ እየለኩ ይመዝግቡ። ቤት ውስጥ የተለካው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስለ ሕክምና መነጋገር አለብን። ኤክሴል ላይ እንደሚያስገቡት አልጠራጠርም፤ አትመው ይዘው ይምጡ።

እጅዎን በተመለከተ የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ አልነገሩኝም፤ ትልቁ ፍንጭ ግን እሱ ነው። ሌሊት ሲያነቃዎት መብራት አብርተው ይዩ። የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከሆኑ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ ደህና ከሆነች፣ እጅዎን ሲያራግፉትም ለቀቅ የሚልዎት ከሆነ፣ ካርፓል ተነል ሲንድረም የሚባለው መሆኑ አይቀርም። የእጅ አንጓ ላይ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ እጃችንን አጥፈን ስንተኛ ይበልጥ ይጠባል፣ ነርቩም ይጨመቃል። ሰው ሁሉ ኪቦርዱን ይከሳል። ኪቦርዱ ላይ ያለው ማስረጃ ግን የሚወራለትን ያህል ጠንካራ አይደለም፤ ስኳር፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና እርግዝና ይህን ችግር እንደሚያመጡ ግን በደንብ ይታወቃል። ስለዚህ የጾም ስኳርና የታይሮይድ ምርመራ ይደረግልዎት። እስከዚያው አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ከሕክምና መሣሪያ መሸጫ ገዝተው ማታ ማታ ብቻ ያድርጉ፤ ለስድስት ሳምንት ያህል ሳያቋርጡ ይሞክሩት። ዕቃ ከእጅዎ የሚወድቅ ከሆነ ወይም በአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ግን ስድስት ሳምንት አይጠብቁ። የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ ችግሩ ክርን ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከአንገት ጀምሮ ክንድን ይዞ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የአንገት ነርቭ መታየት አለበት።

የአንገትዎን ሕመም ያመጣው አልጋው ነው። የላፕቶፕ ስክሪንና ኪቦርድ አንድ ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ፣ ለእጅ ሲመች አንገት ይጎብጣል፤ ለአንገት ሲመች ደግሞ ትከሻ ይሰቀላል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ፣ ከወፋፍራም መጻሕፍት በላይ ያስቀምጡት፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትክክል ይሁን። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ደግሞ የኮምፒውተር መምህር ከየት እንደሚያገኝ እኔ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ ዓይንዎ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፣ የዓይን ገጽም ይደርቃል። ማቃጠሉ ከዚህ ነው። በየ20 ደቂቃው ዓይንዎን አንሥተው ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ፣ ሆን ብለውም ዓይንዎን ያርገብግቡ። ጠብታ ካስፈለገ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ይጠይቁ። ዴክሳሜታዞን ያለበትን ጠብታ ሐኪም ሳያይዎት እንዳይገዙ አደራ እላለሁ፤ መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል፣ ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን ያጣራል የሚባለውን የብሉ ላይት መነጽር ይተዉት። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ትንተና 17 ጥናቶችን መርምሮ ከተራ መነጽር ይልቅ የዓይን ድካምን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ገንዘቡን ለትክክለኛ የዓይን ምርመራ ያውሉት፤ መነጽር የሚያስፈልግዎት ከሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ቫይታሚንም እጥረት መኖሩ በምርመራ ካልታየ በስተቀር አላዝልዎትም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን እንቅልፍዎ ካልተስተካከለ ብዙ አይሠራም። በሚሠሩባቸው ሌሊቶች የሚተኙት 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። የሥራ ሰዓትዎን ስደምረው፣ የመደበኛው 40፣ የቅዳሜና እሁዱ 10 ገደማ፣ የሌሊቱ 14፣ በጠቅላላው 64 ሰዓት ይመጣል፤ ምግቡን፣ ልብሱንና ልጆቹን አልቆጠርኩም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ለስትሮክ ያላቸው ተጋላጭነት 35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን የምጽፍልዎ ላስፈራራዎት አይደለም፤ ግፊትዎ ከፍ ማለት በጀመረበት ጊዜ ይህን ቁጥር ቸል ማለት ስለማይገባን ነው።

ማታ የሚጠጡት ቡናም የራሱ ድርሻ አለው። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በ3 ሰዓት ተኩል የጠጡት ቡና እኩሌታው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይም ነቅቶ ይጠብቅዎታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። የመጨረሻው ቡናዎ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ከጠራዎት አይቅሩ፤ ቡናውን ትተው ቁርሱንና ወሬውን ይካፈሉ።

ታዲያ የሌሊቱ ሥራ የት ይሂድ? እኔ ኮድ አላርምም፤ ነገር ግን እንደ እርስዎው ፕሮግራሚንግ የምታስተምር አንዲት ታካሚዬ ያደረገችውን ልንገርዎ። አሳይመንት በኢሜይል መሰብሰብ አቆመች። ተማሪው በላብ ሰዓት ኮዱን ከፍቶ ያሳያታል፤ እሷ አንድ መስመር ታስለውጠዋለች፣ «ይህ ሉፕ ባይኖርስ ምን ይሆናል?» ትለዋለች፣ ማርኩን እዚያው ትጽፋለች። ለአንድ ተማሪ 5 ደቂቃ ነው። ራሱ የጻፈውና ቻትጂፒቲ የጻፈለት ወዲያው ይለያሉ፤ ይህን በሌሊት እርማት ፈልጋ አግኝታው አታውቅም ነበር። የተማሪዎቹን የቴሌግራም ግሩፕም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ድምፁን ታጠፋዋለች። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት። ኤክስቴንሽኑን ይተዉ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ የቤት ኪራይዎን ግን እኔ አልከፍልም። ቢያንስ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሁለቱ ቀን አንዱን ብቻ መያዝ ይቻል እንደሆነ ከዲፓርትመንቱ ጋር ይነጋገሩ።

ባለቤትዎ «ሥራውን ተዪው» ማለታቸው ከማዘን ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር ይጠይቋቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን፣ እራቱን፣ ገላ ማጠቡን፣ የትልቋን የቤት ሥራ፣ ትንሹን ማስተኛቱን፣ ሙሉ በሙሉ ይረከቡ። «ፒጃማው የት ነው?» እያሉ በየ10 ደቂቃው ወደ እርስዎ ሳይመላለሱ ማለቴ ነው። እርስዎ በዚያ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ፣ በር ዘግተው ይሥሩ፤ 4 ሰዓት ላይ ይተኙ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አብረው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የግፊቱን ወረቀት እሳቸውም ይዩት።

ልጅዎ ላይ ስለ መጮህዎ፦ እንቅልፍ ሲያጥር ቀድሞ ከሚዳከመው አንዱ ቁጣን የመግታት አቅም ነው። በ6 ዓመቷ ይቅርታ ምን እንደሆነ ይገባታል፤ «ደክሞኝ ነው የጮኽኩት፣ ልክ አልነበርኩም» ይበሏት። ኮምፒውተሩ የሚዘጋበትን ሰዓትም ግድግዳው ሰዓት ላይ ያሳዩዋትና በዚያው ይዝጉት።

በርንአውት የሚባለውን ሳይሰሙ አይቀሩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል እንጂ በሽታ አላለውም። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ እና «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። እርስዎ ጋ የመጀመሪያው በግልጽ አለ። ሁለተኛውን ግን አላየሁትም፤ ኮርሱ በየዓመቱ መለወጡን እንደሚወዱት ራስዎ ጽፈውልኛል። ስለዚህ ሥራ የመልቀቁን ውሳኔ አሁን አይወስኑ፤ ለአንድ ወር ያህል በደንብ ተኝተው፣ ግፊትዎ ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ይነጋገሩበት። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ የማያሰኝዎት፣ በትንሽ በትልቁ የሚያስለቅስዎት ወይም መኖር የሚያስጠላዎት ከሆነ ግን ያ ከድካም ያለፈ ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።

ስንገናኝ ከስኳርና ከታይሮይዱ ጋር የደም ማነስና የኩላሊት ምርመራ አዝዛለሁ፤ የኩላሊቱ ዳይክሎፌናኩን ረጅም ጊዜ ስለወሰዱ ነው። ቤተሰብዎ ውስጥ ግፊት፣ ስኳር ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ካለ እናትዎን ጠይቀው ይምጡ። ግፊትዎ 180/120 ከደረሰና ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ ብዥታ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ አብሮ ከመጣ፣ ይህን ሁሉ ቀጠሮ ትተው በ907 የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ይጥሩ ወይም በቅርብ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።