«ድምፁ ምን ይልሃል?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው «ወርድስ ኦን ባዝሩም ዎልስ» የሚባለውን ፊልም እዩት ብያችሁ ነበር። ላላያችሁት፦ አዳም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ሕልሙ ሼፍ መሆን ነው። ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ሌላው የማያየውን ያያል፣ አደጋ ይደርሳል፣ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ያለበት የአእምሮ ሕመም ስኪዞፍሬንያ ይባላል። ፊልሙ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጁሊያ ዋልተን በ2017 ካሳተመችው ልቦለድ የተወሰደ ነው። ጥያቄው ጎርፏል። ጥቂቱን ልመልስ።

«ልጁ አብረውት የሚዞሩ ሰዎች ያያል። የእውነት እንዲህ ነው ወይስ ለፊልም ብለው ነው?» — ከደብረ ማርቆስ

ግማሹ ለፊልም ነው። በዚህ ሕመም ከማየት ይልቅ መስማት ይበዛል። ፊልም ደግሞ የሚታይ ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለድምፁ ፊትና ልብስ ይሰጠዋል። ስለ ሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ የተሠራው «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ»ም ያደረገው ይህንኑ ነው። ናሽ የሚሰማው ድምፅ ነበር፤ ፊልሙ ላይ ግን ድምፁ የዶርም ጓደኛ ሆኖ መጣ።

የአጎቴ ልጅ ምንም አላየም። ክረምት ላይ ስሄድ ጋቢ ተከናንቦ ደጃፍ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም ጆሮውን በባዘቶ ወትፎታል። ባዘቶውን የወሰደው ከእናቱ ሙዳይ ነው። እሷ ጆሮውን ያመመው መስሏት ቅቤ እያሞቀች ስታንጠባጥብለት ሰንብታለች። «ድምፁ ምን ይልሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም። እሱ እዚያው ተቀምጦ እኛ «ምን ነካው?» እያልን እርስ በርሳችን ስናወራ ከረምን። ፊልሙ የገባኝ ለዚህ ይመስለኛል፤ አዳም ራሱ ያወራል፣ እኛ እንሰማለን።

«አዳም የሚወስደው አዲሱ መድኃኒት ባሕር ዳር ይገኛል?» — ከቡሬ

የትም አይገኝም። ደራሲዋ የፈጠረችው ስም ነው። እኛ ጋ የሚታዘዙት እንደ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ያሉት ናቸው። ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና አለ፤ ከዚያ ጀምር።

«ወንድሜ ቅኔ ቤት ነበር። ስድስት ወር ሆነው፣ ብቻውን ያወራል። አብሾ ጠጥቶ ነው ይላሉ። ይሆን?» — ከቢቸና

እኔ እጠራጠራለሁ። አብሾ የሚሉት ከአጤ ፋሪስ የሚዘጋጀውን ነው። ትምህርት ይገልጣል እየተባለ ስንቱ ተማሪ ጨልጦታል! ተክሉ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ፤ ብሌን ያሰፋሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ ያስቃዣሉ። መርዝ ነው፤ ይገድላልም። ቅዠቱ ግን ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ስድስት ወር አይቆይም።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውል። ልጅ ቅኔ የሚቆጥርበት ዕድሜና ስኪዞፍሬንያ ብዙ ጊዜ የሚጀምርበት ዕድሜ ይገጥማሉ፤ ከ15 እስከ 25 ገደማ። ስለዚህ ሕመሙ በአብሾ ይሳበባል። አንዴ «አብሾው ተነሳበት» ከተባለ ደግሞ ማንም ሐኪም ጋ አይወስደውም፤ እስኪተወው ይጠበቃል። አንተ አትጠብቅ።

«ልጄ መድኃኒት ጀምሮ ተሽሎት ነበር። ጸበል ስንሄድ ክኒኑን ጣዪው፣ እምነት ማጉደል ነው አሉኝ።» — እናት፣ ከፍኖተ ሰላም

እናቴ፣ ጸበሉንም ይሂዱ፣ ክኒኑንም አይጣሉ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ፣ ከጸበሉ ጋር አብሮ ይወሰድ ብለው ነበር። የአእምሮ መድኃኒት ምን ልዩ ያደርገዋል? በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አዳምም በድብቅ ሲያቆመው የሆነው ይኸው ነው። እጁን ካንቀጠቀጠው ወይም ሰውነቱ ከተገተረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል።

ፊልሙ ላይ አንድ ቄስ አሉ። (እኔ ከሁሉም የወደድኩት እሳቸውን ነው።) አዳም ኑዛዜ ገብቶ ያወራቸዋል። አይቆጡትም፤ ቁጭ ብለው ያዳምጡታል። እርስዎም የንስሐ አባትዎን ቡና ይጥሯቸውና፣ ልጁ ባለበት ስለ ክኒኑ ያጫውቷቸው። እሳቸው «ውሰድ ልጄ» ካሉት የእኔ ምክር አያስፈልግም።

«እጮኛዬ ይህ ሕመም እንዳለበት ደበቀኝ። ቤተሰቦቼ ‹ዘር ነው፣ ልቀቂው› ይሉኛል።» — ከሞጣ

አዳምም ፍቅረኛውን ማያን ደብቋታል። መናደድሽ ልክ ነው። ግን ሽማግሌ ሳይላክ ዘር ማንዘር በሚጠየቅበት አገር ምን ብሎ ይጀምረው? ስለ ዘሩ፦ አንዱ ወላጅ ሕመሙ ካለበት፣ ከ10 ልጆች አንዱ ገደማ ሊያገኘው ይችላል። ዘጠኙን አይነካም። ልቀቂው ወይም አግቢው አልልሽም። ቤተሰቦችሽን ትንሽ ተያቸውና ከሱ ጋር ቁጭ በይ። የሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ጠይቂው። ከፈቀደ አብረሽው ሂጂ።