የአባትህን ሌንስ አትሽጠው

ወንድሜ፣ «የአባቴ የድሮ ኒኮን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ዲ ሌንስ በዜድ 6 ካሜራዬ ላይ ይሠራል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ አዎ፣ የድሮ ሌንስን ከዜድ ካሜራ ጋር በሚያገናኘው በኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተር ይሠራል፤ ፎከሱን ግን በእጅህ ማዞር ግድ ነው። ያ ሌንስ የራሱ ሞተር የለውም፤ ከካሜራው አካል ብቅ በሚል ብሎን ነበር የሚዞረው። ኤፍቲዜድ ደግሞ ብሎኑ የለውም። የብርሃን ልኬቱና አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) እንደ ወትሮው ይታዘዛሉ፤ የአፐርቸር ቀለበቱን 22 ላይ ብቻ ቆልፈው።

የፎከሱን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየውን ምልክት አፐርቸሩ በጣም በሚከፈትበት በ1.8 ላይ እምብዛም አትመነው። የሰው ፊት ስታነሳ ምስሉን አጉላና ሽፋሽፍቱ ጥርት ሲል ተጫን።

ኤፍቲዜድ ከተወደደብህ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው ርካሽ አዳፕተርም ያገለግላል፤ ሌንሱ የአፐርቸር ቀለበት አለውና፣ ያኔ ከ22 ፈትተህ በእጅህ ታዞረዋለህ። ችግሩ ውፍረቱ ነው። ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ (ወይም ፊልሙ) ያለው ርቀት በድሮው የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ 46.5፣ በዜድ 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አዳፕተሩ በትክክል 30.5 መሆን አለበት። ፒያሳ አካባቢ ከሆንክ መፈተኛው ቅርብህ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመህ በ1.8 ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል፣ ወደ ለገሃር አነጣጥር። የፎከስ ቀለበቱ የሩቁ መጨረሻ ላይ ደርሶ እንኳ ከሩቅ ያሉት ሕንፃዎች ከደበዘዙ፣ አዳፕተሩ ወፍራም ነውና መልሰው። ከመጨረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ ከጠራ ግን ደህና ነው፤ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

ጓደኛህ ሊያውስህ ያሰበውን 18-55 ዲኤክስ (ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ) ሌንስ ተወው፤ 24 ሜጋፒክስልህን ወደ 10 ገደማ ያወርድብሃል።