የኮምቦልቻው ንድፍ ደሴ ላይ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በደሴ የአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባላት ነን። አራት መማሪያ ክፍሎች ልናሠራ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የተሠራ ሕንፃ ንድፍ በነፃ አግኝተናል፤ የእኛ ቦታ ግን ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ተዳፋት ነው። ንድፉን እንዳለ ብንጠቀምበትስ? አርክቴክት የግድ ነው?

መልስ፦ አርክቴክት የግድ ነው። ከንድፉ የክፍሉን ስፋት ውሰዱ፤ 7 በ9 ሜትር ለ50 ተማሪ በሁለቱም ከተማ ይበቃል። ሌላው አይዛወርም። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በዚህ ብቻ ደሴ በ4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ለነፋስ ክፍት የተተወ ግድግዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ልጆቹን ያንቀጠቅጣቸዋል።

ዋናው ጉዳይ ተዳፋቱ ነው። ሜዳ ላይ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ እንዳይገባ መስኮትን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር ቀላል ነው። እናንተ ይህን ካላችሁ ሕንፃው ቁልቁል ይዘረጋል፤ 18 ሜትር ርዝመት በ15 በመቶ ተዳፋት 2.7 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለው። ግማሹ በተቆፈረ፣ ግማሹ በሙሌት መሬት ላይ ያርፋል፤ ሙሌቱ ሲወርድ ወለሉና ግድግዳው መካከል ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተዳፋቱን አግድም ይዛችሁ ሥሩ፤ መስኮቶቹ ያኔ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ይዞራሉ። የከሰዓቱን ፀሐይ በምዕራብ በኩል 2 ሜትር በረንዳ፣ የጠዋቱን በመስኮቶቹ መካከል የሚቆሙ ቋሚ ጥላዎች ይቀንሱታል። ፀሐዩ በኋላም ይስተካከላል፣ የወረደ መሠረት ግን ክፍሉን ያዘጋል።

ከቁፋሮው በፊት ከበላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። የተቆፈረውን አፈር ከሚይዘው መደገፊያ ግንብ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ በግንቡ ላይም በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑር። መውጫ ያጣ የክረምት ውሃ ከአፈሩ ጋር ተደርቦ ግንቡን ይገፋል።

አካባቢው መሬት የሚንቀጠቀጥበት ነው፤ ማጀቴን ያፈረሰው የ1953 ዓ.ም.ቱ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ሩቅ አይደለም። ትምህርት ቤቶች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉዳት እስከ መስኮቱ ደፍ ብቻ የተገነባ ብሎኬት ኮለኑን (ተሸካሚውን የኮንክሪት ምሰሶ) ከሁለት ጎን ሲይዘው ነው። መንቀጥቀጡ ያኔ ከመስኮቱ ጎን ያለችውን አጭር የኮለን ክፍል ይሰብራል። በኮለኑና በብሎኬቱ መካከል ለስላሳ ነገር የተሞላ ክፍተት እንዲተው ስትራክቸራል መሐንዲሱን ጠይቁ።

መጀመሪያ የምትከፍሉት ለቅየሳና ለአፈር ምርመራ ይሁን፤ አርክቴክቱ መሳል ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። ከመዋዋላችሁ በፊት ከዚህ ቀደም የሠራውን ትምህርት ቤት ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ እዩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ አንዳችሁ እንደ መምህር ከፊት ቆሞ ይናገር፤ ሌሎቻችሁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ድምፁ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ።