አሮጌ የዕቃ ቫን ወደ ቤተሰብ መኪና ሲለወጥ፦ ለማን ማሳወቅ ይገባል?

ጥያቄ፦ በደቡብ ለንደን ነዋሪ ነኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 የተሠራ የሞሪስ ማይነር የዕቃ ቫን ገዝቻለሁ። ከሾፌሩ ወንበር በስተኋላ ያለውን ላሜራ አስቆርጬ በግራና በቀኝ መስታወት፣ ከኋላ ደግሞ ሦስት ሰው የሚይዝ መቀመጫ በማስገባት ስቴሽን ዋገን ላደርገው አስቤያለሁ። የ7 ዓመት ወንድና የ2 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እሑድ ቤተሰቤን ቤተ ክርስቲያን ላደርስበት፣ በሠርግ ወራት ደግሞ ሙሽሮችን በክፍያ ላመላልስበት እፈልጋለሁ። ባለ ጋራዡ «መኪናው ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነው ምርመራም የመንገድ ግብርም የለበትም፤ ለማንም ማሳወቅ አያስፈልግህም» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ባለ ጋራዡ ስለ ምርመራውና ስለ ግብሩ የተናገረው በአብዛኛው ትክክል ነው። ማሳወቅ አያስፈልግም ያለው ግን ስሕተት ነው፤ መዘዙም የሚተርፈው ለእርስዎ እንጂ ለእሱ አይደለም። የመኪናው ዕድሜ ከዓመታዊ ምርመራና ከመንገድ ግብር ነፃ ሊያደርግዎት ይችላል እንጂ፣ የተለወጠውን ከማስመዝገብም ሆነ መኪናው ለመንገድ ብቁ ሆኖ እንዲገኝ ከተጣለብዎት ኃላፊነት አያወጣዎትም።

ከምዝገባው ልጀምር። በእጅዎ ባለው ሊብሬ፣ እዚህ አገር ቪ ፋይቭ ሲ በሚባለው ሰነድ፣ የመኪናው የአካል ዓይነት «ቫን» ተብሎ ተመዝግቧል። መስታወቱና መቀመጫው ሲገቡ ይህ መግለጫ ከመኪናው ጋር ስለማይጣጣም፣ በ2002 የወጣው የተሽከርካሪዎች ምዝገባና ፈቃድ ደንብ ለውጡን ስዋንሲ ለሚገኘው የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ለዲቪኤልኤ፣ እንዲያሳውቁ ያስገድድዎታል። አለማሳወቅ እስከ 1,000 ፓውንድ መቀጮ ሊያስከትል የሚችል ጥፋት ነው። መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ላሜራው ከመቆረጡ በፊት፣ በሥራው መካከልና ከተጠናቀቀ በኋላ የመኪናውን ፎቶግራፍ ማንሳትዎን አይርሱ፤ ይኸው ፎቶግራፍ ኋላ ለኢንሹራንሱም ይጠቅምዎታል።

ዓመታዊውን ምርመራ፣ እኛ አገር ለቦሎ ከሚደረገው ጋር የሚመሳሰለውን ኤም ኦ ቲ፣ በተመለከተ ነፃነቱ የሚገኘው መኪናው 40 ዓመት ስለሞላው ብቻ ሳይሆን፣ ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ «መሠረታዊ ለውጥ» ያልተደረገበት ከሆነ ነው። መሠረታዊ የሚባለው ለውጥ በዋናነት ሻንሲውን ወይም ሻንሲና ቦዲው አንድ ወጥ በሆኑት መኪኖች ላይ ቦዲውን ራሱን፣ አክስሉንና የመሪ ወይም የሞላ አሠራሩን፣ እንዲሁም ሞተሩን የሚመለከት ነው። እዚህ ላይ የመረጡት መኪና ይረዳዎታል፤ የሞሪስ ማይነር ቫን ከዚያው ስም የቤት መኪና በተለየ ራሱን የቻለ ሻንሲ ስላለው፣ የጎኑን ላሜራ ለመስታወት መቁረጥ ሸክም ተሸካሚውን ክፍል አይነካውም ብሎ መከራከር ይቻላል። ቦዲው ራሱ ሻንሲ የሆነለት ቫን፣ ለምሳሌ ኦስቲን ኤ 35፣ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይህን ያህል የተረጋጋ አይሆንም ነበር። ባለ ጋራዡ «እግረ መንገዳችንን ሌላ ሞተር እናስገባለት» ካለዎት ግን ነገሩ ስለሚለወጥ ከመስማማትዎ በፊት ያማክሩን። ደኅንነትን ለማሻሻል ፍሬኑ ላይ የሚደረግ ለውጥ በመሠረታዊነት አይቆጠርም። ለማንኛውም፣ ባይገደዱም ሥራው እንዳለቀ መኪናውን በፈቃድዎ እንዲያስመረምሩት አጥብቄ እመክራለሁ፤ በአደገኛ ሁኔታ ላይ ያለ መኪና መንዳትን የሚከለክለው የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ለመኪና ዕድሜ ምሕረት የለውምና።

መስታወቱና መቀመጫው ምን ያህል መሆን አለባቸው ለሚለው፣ የ1986ቱ የተሽከርካሪዎች አሠራርና አጠቃቀም ደንብ ለዕቃም ለሰውም የሚያገለግሉ መኪኖችን ሲተረጉም ልኩን አስቀምጧል። ባዶ ክብደታቸው ከ2,040 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ ጠንካራ ጣሪያ ያላቸው፣ ከሾፌሩ ኋላ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ መደገፊያ ያለውና በመኪናው አግድም የተዘረጋ መቀመጫ በቋሚነት የተገጠመላቸው፣ በእያንዳንዱ ጎን ከ1,850፣ ከኋላ ደግሞ ከ770 ካሬ ሴንቲ ሜትር የማያንስ መስታወት ያላቸው መሆን አለባቸው። ለጎኑ 50 በ37 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ መስታወት ልኩን በትክክል ይሞላል። ከመሪው የኋላ ጫፍ እስከ መቀመጫው መደገፊያ ያለው ርቀትም ከመሪው እስከ መኪናው ወለል መጨረሻ ካለው ርቀት ከሲሶው ማነስ የለበትም። ይህ ትርጓሜ እንጂ ፈቃድ አይደለም፤ ከልኩ ቢያንስ መኪናው ሕገ ወጥ ይሆናል ማለትም አይደለም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ከተፈቀደላቸው ፍጥነት አንጻር በትልልቅ ቫኖች ላይ ነው። የእርስዎ ቫን ከቤት መኪና የወጣና ቀላል በመሆኑ ከመጀመሪያውም በመኪና የፍጥነት ገደብ የሚነዳ ነው፤ ያን ያህል መሮጥ መቻሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

የልጆችዎ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ሲሠራ ጀምሮ የደኅንነት ቀበቶ ባልነበረው መኪና ውስጥ ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ማሳፈር ፈጽሞ የተከለከለ ስለሆነ፣ ቀበቶ ሳይገጠም ትንሿን ልጅዎን ይዘው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይችሉም። ትልቁ ከኋላ ብቻ እንዲቀመጥ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ሕጉ ስለፈቀደ ግን የአባት ልብ ይፈቅዳል ማለት አይደለም። ቀበቶ ካስገጠሙ ደግሞ መታሰሩ ግዴታ ይሆናል፤ ልጁም 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከተሟላው ድረስ፣ ለዕድሜው የሚስማማ የልጅ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ባለ ጋራዡ እንደ ድሮ ላንድ ሮቨር ጎን ለጎን የሚያፋጥጥ መቀመጫ ሊያቀርብልዎት ይችላል፤ የልጅ መቀመጫ እንዲህ ባለው ወንበር ላይ ሊታሰር ስለማይገባው አይቀበሉት። ቀበቶው የሚታሰርበት ቡሎን በቀጭኑ የወለል ላሜራ ላይ ብቻ ተቀርቅሮ እንዳይቀር፣ ከሥር ሰፋ ያለ ማጠናከሪያ ብረት መግባቱን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ።

ወደ ኢንሹራንሱ ስንመጣ፣ ዝምታ በጣም የሚያስከፍለው እዚህ ነው። አብዛኞቹ ውሎች በመኪናው ላይ የሚደረግ ለውጥ ወዲያው እንዲገለጽላቸው ይጠይቃሉ። በ2012 የወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ደግሞ፣ ውሉን ሲገቡም ሆነ ሲያድሱ ኩባንያው ለሚያቀርብልዎት ጥያቄ በተገቢው ጥንቃቄ እውነቱን እንዲመልሱ ያስገድድዎታል። ሆን ብለው ከደበቁ ኩባንያው ውሉን አፍርሶ የከፈሉትንም ሊያስቀር ይችላል። በቸልተኝነት ከሆነ፣ ካሳው በተከፈለውና መከፈል በነበረበት ዓረቦን ልክ ይቀነሳል፤ 200 ፓውንድ ከፍለው ለውጡ ቢነገረው 400 ያስከፍልዎት ከነበረ የጉዳቱን ግማሽ ብቻ ያገኛሉ ማለት ነው። በእርስዎ መኪና የተጎዳ ሦስተኛ ወገን ካሳውን ከኩባንያው ሊያገኝ ቢችልም፣ ኩባንያው በተራው ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ቁርጥራጩ ከመጀመሩ በፊት ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በስልክ ብቻ ከሆነ ማን እንዳነጋገረዎትና ቀኑን መዝግበው ይያዙ።

የሠርጉ ሥራ ሁለት መልክ አለው። በለንደን የግል ኪራይ ተሽከርካሪዎች ሕግ (1998) መሠረት አገልግሎቱ በሠርግና በቀብር ብቻ የተወሰነ መኪና የኪራይ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሙሽሮቹን ካደረሱ በኋላ እንግዳ ከሂትሮ አውሮፕላን ማረፊያ በክፍያ ካመጡ ግን ከዚህ ነፃነት ይወጣሉ። ሆኖም ፈቃድ አለመጠየቁ ኢንሹራንሱን አይተካም። ለግል አገልግሎት ብቻ በተገባ ውል በክፍያ ሰው ማመላለስ እንደ አለ ኢንሹራንስ መንዳት ሊቆጠር ይችላል፤ ቅጣቱም በቦታው ከተወሰነ 300 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ 6 የጥፋት ነጥብ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ከደረሰ ከዚያ ሊከብድና መንጃ ፈቃድዎንም ሊያሳጣዎት ይችላል። በተጨማሪ ለታሪካዊ መኪኖች የሚሰጠው የመንገድ ግብር ነፃነት በክፍያ ወይም ለንግድ ለሚሠራ መኪና ስለማይሰጥ፣ ይህን ሥራ ሲጀምሩ የግብር ምድቡን ማስለወጥ ይኖርብዎታል። በቀን 12.50 ፓውንድ የሚያስከፍለው የለንደን የአየር ብክለት ክፍያ ግን አያሳስብዎት፤ ከ1973 መጀመሪያ በፊት የተሠራ መኪና ለንግድ ቢውልም እንኳ ነፃ ነው።

አሮጌ መኪና የሚወዱ እንግሊዞች «ቫን ላይ መስታወት ካስገባህ ግብር ሰብሳቢው ይመጣብሃል» ሲሉ ይሰሙ ይሆናል። ያ የቀረው የግዢ ታክስ በ1973 ሲሻር ነው። ዛሬ የሚያሳስበው መኪናውን የገዙት ለተጨማሪ እሴት ታክስ በተመዘገበ ድርጅትዎ ስም ሆኖ ታክሱን አስመልሰው ከሆነ ብቻ ነው፤ ያኔ የጎን መስታወት መግባቱ ቫኑን በታክስ ሕጉ ዓይን «መኪና» ስለሚያደርገው የተመለሰው ታክስ ሊጠየቅ ይችላል።

በመጨረሻ ከባለ ጋራዡ ጋር የሚያደርጉት ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ የሚቆረጠው ላሜራ፣ የመቀመጫውና የቀበቶው አገጣጠም፣ ዋጋውና የማስረከቢያው ጊዜ ይዘርዘሩበት። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ሥራው በተገቢው ጥንቃቄና ችሎታ እንዲሠራ የመጠየቅ፣ ከጎደለም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የማስደገም ወይም ዋጋ የማስቀነስ መብት ይሰጥዎታል። መኪናን ለመንገድ አደገኛ እንዲሆን አድርጎ መለወጥ በትራፊክ ሕጉ ለሚለውጠውም ሰው ጥፋት መሆኑን በጨዋ ቋንቋ ቢያስታውሱት አይከፋም። «ለማንም ማሳወቅ አያስፈልግም» ያለውንም በውሉ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ ሥራውን ለሌላ ባቲላሜራ ይስጡ።