በሁሉም የሚበልጥ አገር ለምን ይነግዳል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው «ፖርቱጋል ወይኑንም ጨርቁንም ከእንግሊዝ ባነሰ ጉልበት የምታመርት ከሆነ ጨርቅ ከእንግሊዝ የምትገዛው ለምንድን ነው?» ብለሽ ነው። የፍጹም ብልጫንና የአንጻራዊ ብልጫን ትርጉም ሌሎች ጽፈውልሻል፤ ትርጉሙን ግን አንቺም አታጪውም። ያስቸገረሽ ስሌቱ ይመስለኛል።

ለእኔ ነገሩ የበራልኝ ጅማ ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሒሳብ ያዥ ሳለሁ ነው። ዋናው ባለሙያ በርጩማም ሆነ አግዳሚ ወንበር ከወጣቱ ሠራተኛ ፈጥኖ ይሠራል። የጅማ በርጩማ ሦስት እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር ከአንድ ግንድ ተጠርበው የሚወጡ ናቸው፤ ምስማር አያውቀውም። ሥራው ሊያልቅ ሲል መሮው አንዱን እግር ከሰነጠቀ ያ ሁሉ ዋንዛ ማገዶ ሆነ ማለት ነው። ወጣቱ ይህን ስለሚያውቅ በየምቱ ቆም ብሎ ግንዱን ያገላብጣል። አግዳሚ ወንበር ግን ጣውላ ቆርጦ መግጠም ስለሆነ ወጣቱ ከባለሙያው ብዙም አይርቅም።

ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ላድርገው። ባለሙያው በርጩማ በ4 ሰዓት፣ አግዳሚ በ6 ሰዓት ይጨርሳል። ወጣቱ በርጩማ በ12፣ አግዳሚ በ8 ሰዓት። ማን ይፈጥናል ካልሽ በሁለቱም ባለሙያው ነው፤ ፍጹም ብልጫ ይኸው ነው። አንጻራዊ ብልጫ የሚጠይቀው ግን አንዱን ለመሥራት ከሌላው ምን ያህል እንደሚቀር ነው። ባለሙያው አንድ አግዳሚ ሲሠራ አንድ ተኩል በርጩማ ይቀርበታል፤ ወጣቱ የሚቀርበት የአንድ በርጩማ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ አግዳሚ በወጣቱ እጅ ይረክሳል።

እያንዳንዳቸው 48 ሰዓት ሠርተው ጊዜውን እኩል ቢከፍሉት በድምሩ 8 በርጩማና 7 አግዳሚ ይወጣል። ወጣቱ አግዳሚ ብቻ ቢሠራ፣ ባለሙያውም 12 ሰዓት ለአግዳሚ ሰጥቶ የቀረውን 36 ሰዓት በርጩማ ላይ ቢያውል 9 በርጩማና 8 አግዳሚ ይሆናል። ሰው አልተጨመረ፣ ሰዓት አልተጨመረ።

አሁን የፖርቱጋልንና የእንግሊዝን ምሳሌ ወደ ጻፈው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ወደ ዴቪድ ሪካርዶ እንመለስ። በአውሮፓውያኑ 1817 ባሳተመው መጽሐፍ ለተወሰነ መጠን ጨርቅ እንግሊዝ የ100 ሰዎችን የዓመት ጉልበት ትፈልጋለች፣ ለወይን የ120፤ ፖርቱጋል ለጨርቅ 90፣ ለወይን 80። (እንግሊዛዊው ሰውዬ በምሳሌው የበላይ ያደረገው የራሱን አገር አለመሆኑን ልብ በይ፤ ብዙ ተማሪ ይህን ገልብጦ ይጽፋል።) ወይኑ በጨርቁ አንድ ለአንድ ቢለወጥ፣ ፖርቱጋል 90 ሰው የሚፈጅባትን ጨርቅ በ80 ሰው ወይን ታገኘዋለች፤ እንግሊዝም 120 ሰው የሚፈጅባትን ወይን በ100 ሰው ጨርቅ። የጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ክፍፍሉን ሳሳየው «ታዲያ ይህ ልጅ በርጩማ መቼ ሊለምድ ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስሌቱ የሚለካው የዛሬን ፍጥነት ነው፤ ነገ ማን ምን እንደሚችል አይናገርም። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በፀሐይ በደረቀ ጀንፈል ነበር፤ እሸቱን የሚያጥቡ ጣቢያዎች በአካባቢው ሲስፋፉ የታጠበ ቡናም ከዚሁ ምድር መውጣት ጀመረ። አፈሩ ያው ነው፤ የተለወጠው መሣሪያውና እጁ ነው። ስለዚህ «ብልጫችን ጥሬ ቡና ነውና ከዚያ አንለፍ» የሚል ሰው ከሪካርዶ ያልተጻፈ ነገር እያነበበ ነው ባይ ነኝ።

ለፈተናው ግን ሰንጠረዡ ምን እንደሚለካ አስቀድመሽ እዪ። ቁጥሩ ሰዓት ወይም የሰው ጉልበት ከሆነ ያነሰው ይበልጣል፤ የአንድ አግዳሚን ዋጋ በበርጩማ ለማወቅም የአግዳሚውን ሰዓት ለበርጩማው ታካፍያለሽ። ቁጥሩ በቀን የተመረተ መጠን ከሆነ ደግሞ የበዛው ይበልጣል፤ ማካፈሉም ይገለበጣል፣ የበርጩማው ብዛት ለአግዳሚው ይካፈላል። የሁለቱ አገሮች ውጤት እኩል ከወጣ አንጻራዊ ብልጫ ያለው የለም፤ በዚህ ስሌት ከንግዱ ትርፍ አይገኝም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልፎ አልፎ ለማጥመጃ ይመጣልና ሳትደነግጪ «የለም» ብለሽ ጻፊ።